አርባኛዋ ጥያቄ

ባለቤቴ ወደ አኼራ የሄደው አርባ ጥያቄ ጽፎ አንዷንም ሳይጠይቀኝ ነው። ይህን ያነሳሁት ልወቅሰው ብዬ አይደለም። ደግሞስ ጥቂት ብወቅሰው ምን አለበት? ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱ እኔን ሲፈትን ኖሮ የለም?

የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንድ ገጽ ለመሙላት ሦስት ቀን የሚፈጅብኝ ጊዜ አለ። እሱ ቢያየኝ ሰዓቱን ተመልክቶ፣ "ጊዜው አልቋል፣ እስክሪብቶ አስቀምጪ" ይለኝ ነበር።

ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በእኛ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች በዓመቱ መጨረሻ አንድ የጋራ ፈተና ይሰጣሉ። የደሴው ልጅ፣ የኮምቦልቻው፣ የሐርቡው፣ የቢስቲማው፣ ሁሉም በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት ያንኑ ወረቀት ይገልጣል። ጥያቄዎቹን የሚያወጡት ከየትምህርት ቤቱ የተውጣጡ መምህራን ናቸው። እርማቱም በልውውጥ ነው፤ የደሴን ወረቀት ኮምቦልቻ ያርማል፣ የኮምቦልቻን ደሴ፤ ማንም ለራሱ ተማሪ እንዳያዳላ። ባለቤቴ ይህን ሥራ ከሶላቱ ቀጥሎ ነበር የሚያከብረው። "የልጁ አባት ማንም ይሁን፣ የክፍሉ ጣሪያ ያፍስስም አያፍስስም፣ በዚያች ቀን ሁሉም እኩል ነው" ይላል። እኔም፣ "አንተ ካልተሳሳትክ ነዋ" እለዋለሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

የተዋወቅነውም በፈተና ነው።

እኔ የቢስቲማ ልጅ ነኝ። እሱ ያኔ ገና ከኮሌጅ ወጥቶ እዚያ የተመደበ ቀጭን መምህር ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቱ ስላልመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩ ልጃገረድ። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ይዋሰናል። ቢስቲማ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። ከቆላው በኩል ሽቅብ ይመጣና አቧራውን ቀስቅሶ ያልፋል። የአገሩ ሰው ስለሚያውቀው በዚያ ሰዓት ልብስ አያሰጣም፤ እህል የሚያናፍስ ግን ያንኑ ሰዓት ይጠብቃል። አዲሱ መምህር ይህን የነገረው አልነበረም። ለነገ የተዘጋጀውን የፈተና ወረቀት ደጅ አውጥቶ ወንበር ላይ ሲደረድር ነፋሱ መጣ። ግማሹ ወረቀት በቁልቋሉ አጥር ላይ ዘሎ እኛ ግቢ ገባ።

እየለቃቀምኩ ሳለሁ እያለከለከ ደረሰ።

"አይተሻቸዋል?" አለኝ። ሰላምታ እንኳ የለም።

"ምኑን?"

"ወረቀቶቹን! አንብበሻቸዋል?"

"አንዱን አንብቤያለሁ። ሦስተኛዋ ጥያቄ ምን እንደምትል አልገባኝም።"

ተቀብሎኝ አነበባት። ደግሞ አነበባት። ከዚያ በራችን ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደገና ጻፋት። "አሁንስ?" አለኝ። አሁን ገባችኝ። መልሱን ግን አላወቅኩትም። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው።

በሳምንቱ ሌላ ወረቀት አጥሩን ተሻግሮ ግቢያችን ወድቆ አገኘሁ። በዚያ ቀን ነፋስ አልነበረም።

ከተጋባን በኋላ ደሴ ተዛወረ፤ እኔም መዝገብ ቤት ሥራ ያዝኩ። በጋራ ፈተናው ኮሚቴ ውስጥ ሲመረጥ የደስታው ብዛት አዲስ ጫማ አስገዛው። አንድ ዓመት እናቴ ታማ ቢስቲማ አንድ ወር ቆየሁ። እሱም ብቻውን ሆኖ ጥያቄ አወጣ። ካወጣቸውም አንዷ እንዲህ ትላለች፦ አንድ ተማሪ ከፒያሳ ወደ ሆጤ በእግሩ ቢሄድ፣ መንገዱ ሽቅብ ነው ወይስ ቁልቁል? ያንንም ከፍታን በሚያሳዩ የካርታ መስመሮች አስረዳ። ካርታ ግን አልሰጣቸውም። ለምን ይሰጣል? ደሴ ውስጥ እሱ በየቀኑ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ካርታው እግሩ ውስጥ ነው ያለው።

እርማቱ ሲጠናቀቅ ሁለቱ ወገኖች ተገናኙ። የደሴ ልጆች ሁሉም አግኝተዋታል። የኮምቦልቻ፣ የሐርቡና የቢስቲማ ልጆች ግን አንድ ሳይቀር ስተዋታል። በኮሚቴው ውስጥ ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ መምህር አለ፤ የባለቤቴ የልብ ወዳጅና የልብ ተቀናቃኝ ነው፤ ወደፊትም ስለምጠራው እወቁት። ያ ሰው ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ "የደሴ ልጆች እኮ ይቺን በጫማቸው ነው የመለሷት!" አለ አሉ። ጥያቄዋ ተሰረዘች፤ ነጥቧም ለሁሉም ተሰጠ።

ባለቤቴ በማግስቱ ቢስቲማ ድረስ መጣ። የመጣው አማቱን ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር።

"ተመለሺ" አለኝ። "አንቺ ባትኖሪ ፈተና ላይ ፒያሳን ጻፍኩ።"

እናቴ ከተኛችበት ቀና ብላ፣ "ፒያሳ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" አለች።

እሱ እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ፣ "አየሽ?" አለኝ። "አየሽ?" እናቴ ምን አጠፋሁ ብላ ደንግጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኔን ሳያሳይ አንድም ጥያቄ አልላከም። በፈተናው ሰሞን እሁድ ከሰዓት መስኮቱ አጠገብ እንቀመጣለን። ጥያቄዎቹን መጀመሪያ በአማርኛ ነው የሚጽፋቸው፤ እኔን ካለፉ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ያዞራቸዋል። በደብተሩ ገጽ ዳር በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ቦታ የፍርዱ ቦታ ነው፤ ሲጽፍበት በመዳፉ ይሸፍንብኛል። "የፈታኝ ምስጢር ነው" ይላል። አንሶላውን የምጋራው ሰውዬ!

ሕጉ ቀላል ነበር። ጥያቄዋ ምን እንደምትል ካልገባኝ እንደገና ይጽፋታል። ገብታኝ መልሱን ካላወቅኩ ታልፋለች። ገና ሳይጨርሳት ከመለስኳት ግን ትወድቃለች። "ሳይማሩ የሚመልሷት ጥያቄ ፈተና አይደለችም፤ ሰላምታ ናት" ይላል።

በዚህ ሕግ ነው ውሸት የለመድኩት።

አንድ እሁድ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ አገኘሁት። አንዲት ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሽሞነሙናት ከርሟል። አነበበልኝ፦ አንድ መንገደኛ በስስ ሸሚዝ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ ሲደርስ በብርድ የተንቀጠቀጠበት ዋና ምክንያት ምንድን ነው? ይህን የማያውቅ የወሎ ሰው አለ? ሚኒባሱ ሽቅብ ሲወጣ ጋቢ የሚደረብበት ቦታ እንኳ ይታወቃል። ልመልስ አፌን ስከፍት ዓይኑን አየሁት። በብርጭቆ ወተት ይዞ እንዳይፈስበት እንደሚሄድ ሰው ነበር።

"ደሴ ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን ስለምትርቅ" አልኩት።

"ተሳሳትሽ!" ብሎ ብድግ አለ። "ከፍታ ነው! ከፍታ! ይቺ ናት ጥያቄ ማለት!" ያን ቀን ስኳር ሁለት ማንኪያ ጨምሮ ሻይ አፈላልኝ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ እዋሽ ነበር። የሚወዳትን ጥያቄ ከድምፁ አውቃለሁ፤ አውቄም እስታለሁ። የኮምቦልቻው መምህር ግን አልተኛም። ቤታችን ሲመጣ፣ "ምነው ጥያቄህ እንደ ደሴ ጉም ሆነ? ከሩቅ ሲያዩት ተራራ ይሸፍናል፣ ሲገቡበት ምንም የለም" ይለዋል። ባለቤቴም፣ "የናንተስ እንደ አየራችሁ አይደል? መጀመሪያ ልጁን በሙቀት አስተኝቶ ነው የሚጠይቀው" ይላል። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ።

የሞተው የካቲት ላይ ነው፤ ልቡ ነው አሉ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ጫማውን ከበሩ ሥር ለማንሳት አንድ ወር እንደፈጀብኝ ብቻ ልናገር።

ኢዳ ላይ ተቀመጥኩ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትርቅ የምትቆይበት ጊዜ ነው። ግንቦት ሲገባ የኮምቦልቻው መምህር ከሚስቱ ጋር መጣ። እሷ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እሱ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ።

"አብሽሪ፣ እህት ዓለም" አለኝ። "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።" ከዚያ ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ፣ "እናንተ ግን ይሄን አየር ነው የምትሉት? ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው እኮ የምትኖሩት!"

ሚስቱ፣ "ተው እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው ያለኸው!" አለችው።

"እሱ ቢሰማኝ መልስ አያጣልኝም ነበር" አለ። ይህን ብሎ ድምፁ ተሰበረ።

ቆይቶ የመጣበትን ነገረኝ። ባለቤቴ ለዘንድሮው ፈተና አርባ ጥያቄ ጽፎ እንደጨረሰ ነግሮት ነበር። ኮሚቴው ሊያስገባቸው ይፈልጋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልደረሱ ግን ሌላ ሰው አዲስ ያወጣል፤ የእሱም ደብተር እንደ ተዘጋ ይቀራል።

"ውሰዳቸው እንግዲህ" አልኩት። "መሳቢያው ውስጥ ናቸው።"

"አንቺ አይተሻቸዋል?"

"አላየኋቸውም።"

"ያላየሻቸውን አልወስድም።"

"ወንድሜ፣ እኔን ማን መርማሪ አደረገኝ?"

"ኮሚቴው ውስጥ ይህን የማያውቅ ያለ መስሎሻል?" አለ። "ጥያቄ ባከራከረን ቁጥር 'ይቺ ቤት አልፋለች' ይለን ነበር። በዚያው ክርክሩ ያበቃል። እኔም ብሆን ከዚያ በላይ አልናገርም። ዘንድሮም ቤት ይለፉ። እዚህ ቤት ዘንድሮ የሚፈተን ልጅ የለም አይደል?"

"ልጆቼ ወልደው ከብደዋል። ያለችው ድመቷ ናት።"

"ድመቷን ከደብተሩ አርቂያት" ብሎ ተነሳ።

እነሱ ሲወጡ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰብኩ ቃሉን ደጋገምኩት። ቤት አልፋለች! እነዚያ ሁሉ መምህራን የተማመኑት በኔ ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ውሸታም ነኝ። አሁን የሰውየው የመጨረሻ ሥራ እኔ እጅ ላይ ወድቋል። እንደ ልማዴ ሁሉንም ባሳልፍ ስሙን ይዤ ልጆቹን እበድላለሁ። እውነቱን ብናገር ደግሞ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ አላውቅም።

በማግስቱ መሳቢያውን ከፈትኩ። የዘንድሮውን ደብተር ከመንካቴ በፊት የቆዩትን አወጣሁ፤ ስንት ጥያቄ በውሸቴ እንዳለፈ ልቆጥር። የሸሚዙን ጥያቄ አገኘኋት። ከቀዩ መስመር ወዲያ፣ በመዳፉ ሲሸፍንብኝ በኖረው ቦታ፣ በዚያ ትንንሽ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

"ታውቃታለች። ዋሽታለች። ትግባ።"

ቁጭ አልኩ። ገጹን ገለጥኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ፦ "ይቺንም ታውቃታለች። ስትዋሽ ቀኝ ቅንድቧ ይነሳል። ትስተካከልና ትግባ።" ከዚያም ሌላ ቦታ፦ "ዛሬ ሦስት ዋሸች። ጂኦግራፊ እየገባት ነው።"

ሌባ! እኔ አታለልኩት ብዬ ስኩራራ፣ እሱ ቅንድቤን ሲያነብ ኖሯል። ወደ ሸሚዙ ጥያቄ ተመልሼ ሳያት ለካ እኔ የሰማኋትን አይደለም ለኮሚቴው የላከው። ከሥሯ መንገደኛው ስንት ሜትር እንደወጣ ጨምሮ፣ ሙቀቱ በስንት እንደሚቀንስ አስሉ ብሏል። ሻዩን ጠጥቶ፣ እኔን አመስግኖ፣ ዞር ሲል አክብዷታል። ለካ ጥያቄዎቹ የሚነፉበት ወንፊት አልተቀደደም ነበር። ወንፊቱ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ብቻ አላወቅኩትም።

የዘንድሮውን ደብተር ስከፍት ፍርድ የሚጻፍበት ቦታ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። እሁድ እስኪደርስ ጠበቅኩ። መስኮቱ አጠገብ በኔ ወንበር ተቀመጥኩና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ የሰማችኝ ድመቷ ብቻ ናት። የቢስቲማዋ ልጅ ብሆን ይገባኛል ወይ? ብዬ እጠይቃለሁ። ቀጥዬ የደሴዋ ልጅ እሆናለሁ። በእርሳስ ነው የምጽፈው፤ በቀይ ለመጻፍ አልደፈርኩም። አንዷ ስለ ቀለበት መንገድ ታወራለች፤ ቀለበት መንገድ ያላየ ልጅ የጣት ቀለበት ያስባል ብዬ "ከተማውን የሚዞር መንገድ" አልኳት። አሥራ ሰባተኛዋ ስለ ወንዝና ስለ ደለል ነበረች፤ ጥያቄዋ ጥርት ብላ ገባችኝ፣ መልሱን ግን ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። "አላውቃትም። ትግባ" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ እያልኩ በአራት እሁድ የሚሠራውን በሁለት ጨረስኩት።

አርባኛዋ ለብቻዋ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነበረች።

"በቢስቲማ ከተማ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ከየት በኩል ይመጣል? ሀ፦ ከሰሜን። ለ፦ ከደጋው። ሐ፦ ከቆላው። መ፦ ከየአቅጣጫው።"

ከመስመሩ ወዲያ፣ እዚህ ገጽ ላይ ብቻ፣ በቀይ አንድ ቃል አለች፦ "ታውቃታለች።" ትግባም ትውደቅም አላለም።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። እውነቱን ልናገር፤ ላሳልፋት በጣም ፈለግኩ። በፈተናው ሰዓት የወሎ ልጅ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የቢስቲማን ስም ሲያነብ፣ ያንን ነፋስ ሲያስብ ታየኝ። ማን ያውቅብኛል? ቅንድቤን የሚያይ ሰው የለም። ግን ወዲያው የደሴዋን ልጅ አሰብኳት። ቢስቲማን አታውቅም። እስክሪብቶዋን እየነከሰች በግምት ታጠቁራለች፤ የቢስቲማዋ ልጅ ግን የቤቷን በር አስታውሳ ትመልሳለች። ይህቺ ያቺው ፒያሳ ናት፤ የአሁኗ የእኛ ልጅ ብትሆንም። ይህን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ተሰርዞበት፣ አፍሮ፣ በማግስቱ ቢስቲማ ድረስ የመጣ ሰው ነው።

ከቃሉ ሥር በእርሳስ "ትውደቅ" ብዬ ጻፍኩ። ገጹን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት።

የኮምቦልቻው መምህር ከሚስቱ ጋር ሲመጣ፣ በንጹህ ወረቀት ገልብጬ ያቆየሁለትን ጥያቄዎች በሩ ላይ ሆኖ ቆጠራቸው።

"ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው እኮ!"

"አንዷ ወደቀች።"

"የእሱ ጥያቄ? ቤት ወደቀች?" ደነገጠ። "ምን ብትል ነው?"

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። "ካርታ ብንጨምርባት እኮ ለሁሉም ትሆናለች። ነፋስ ቀን ቀን ከቆላ ወደ ደጋ እንደሚነፍስ ተምረውታል። ከፍታውን ካሳየናቸው የትም ያለ ልጅ ይደርስባታል።"

ልክ ነው። ይህ ለእኔም ታይቶኝ ነበር።

"አይቻለሁ" አልኩት። "ግን አልሰጥህም። ይቺ የኔ ናት።"

ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። እሱ ግን መቼም የቆላ ሰው ነው፣ አያልፍም። "እንግዲህ አርባኛዋን እኔ አወጣለሁ" አለ። "ቢያንስ አንዷ እንድታነቃቸው!" ወረቀቶቹን ፖስታ ውስጥ አሸገና ብብቱ ውስጥ ከቶ ወጣ።

ፈተናው ሰኔ ላይ ተሰጠ። ኢዳዬ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። መስኮቴ ተማሪዎች የሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ሲሄዱ ድምፃቸው አይሰማም ነበር፤ ሲመለሱ ግን እንደ ገበያ ሆነ። ሁለት ልጃገረዶች ልክ ከመስኮቴ ሥር ቆሙ።

"አሥራ ሰባተኛዋን ምን አልሽ?"

"ለ።"

"ውይ! እኔ ሐ ነው ያልኩት። ወላሂ ያቺን ጥያቄ ያወጣውን ሰውዬ ባገኘው!"

"ምን ታደርጊዋለሽ?"

"እጠይቀዋለኋ! እስቲ ራሱ ይመልሳት!"

መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ። ልናገራቸው አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው አሥራ ሰባተኛዋን እኔም እንደማላውቃት ትዝ ያለኝ። መልሱን ሳይጽፍልኝ ነው የሄደው፤ ሁልጊዜ የሚነግረኝ እኔ ከተሳሳትኩ በኋላ ነበር። ልጆቹ እየተከራከሩ ቁልቁል ወረዱ።

የኮምቦልቻውን መምህር ብጠይቀው ይነግረኛል። ግን ዓመቱን ሙሉ ሲስቅብኝ ይከርማል። ስለዚህ ደብተሩን ከፍቼ ራሴ እያጠናሁ ነው። እስካሁን ለ ይመስለኛል።